ቅጠሎቹን ያተኮሳቸው ነሐሴ

ባለፈው ማክሰኞ፣ እዚህ ድሬዳዋ፣ በምሠራበት የአትክልት መጋዘን ጭነት ስረከብ እጄን አንድ የሰላጣ ማዳበሪያ ውስጥ ሰደድኩ። ሞቀኝ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ብብት ውስጥ እጅ እንደ መክተት ነው።

"ፀሐይ መትቶት ነው" አለኝ ተሸካሚው።

ማዳበሪያው ግን ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ ነው የተቀመጠው። "ፀሐይ አይደለም፤ ራሱ ነው የሚሞቀው። ቅጠል ይተነፍሳል፣ ሲታፈን ይግላል። ፍቱትና ይናፈስ" አልኩት።

ሰውየው ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ "አቦ፣ ቅጠል ይተነፍሳል አለች!" ሲለው ሰማሁ። ሳቁ። ይሳቁ። እኔ ቅጠል እንደሚተነፍስ የሰማሁት ከሰው አይደለም። አንድ ክረምት ሙሉ ትንፋሹን ስለካ ከርሜያለሁ።

ክረምት የምለው እንደ አገሬ አቆጣጠር ነው። እኛ ዝናብ የምንጠብቅበት ወር ጅቡቲ ላይ እሳት ነው። ከበረሃው የሚነሳው ካምሲን የሚሉት ነፋስ ፊት ላይ ሲያርፍ ምድጃ የተከፈተ ይመስላል። ባሕሩ እንኳ አያበርድም፤ ውሃው ራሱ ለብ ያለ ነው። ፈረንጆቹና ሀብታሞቹ ያን ወር አይቀመጡም፣ በሐምሌ ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰፈሩ የሚቀረው ለዘበኛ፣ ለድመትና ለእኛ ለሠራተኞች ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ አዲሱ ገና ሳይጀመር፣ በጠረፍ ከተማዋ በደወሌ በኩል በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለትንሽ አምልጦኛል። በባዮሎጂ ግን የሚደርስብኝ አልነበረም፤ ጉራ አይደለም፣ ካርዴ ላይ አለ። ጎበዝ መሆን ሰሃን ከማጠብ አላዳነኝም። ሀራሙስ፣ ቪላና ኤምባሲ ባሕሩን ይዞ በተደረደረበት ሰፈር፣ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆንኩ።

ማዳም ነበር የምላት። ባሏ የሞተባት፣ ስልሳ የሞላት፣ ስትቆጣ ድምጿ ከመጨመር ይልቅ የሚቀንስ ቀጭን ሴት ነበረች። ሥራዋ ዕፅዋት መመርመር ነው። ፊት ለፊት በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ አከብራት ነበር፤ በልቤ ግን አንቺ ነበር የምላት፣ እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም።

የምትመረምረው ጫት ነው። ጫት ከሐረርጌ ተቆርጦ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በየቀኑ ጅቡቲ ይገባል። መንገድ ላይ ጥቅሉ ይሞቃል፣ ቅጠሉ ይገረጣል። ቅጠል ከእናቱ ተቆርጦም መተንፈሱን አይተውም፤ ሲተነፍስ የያዘውን ስኳር ያነዳል፣ ያ ደግሞ ሙቀት ነው። ማዳም ማወቅ የፈለገችው የዕፅዋት ሆርሞን ይኼን ትንፋሽ ያበርደው እንደሆነ ነበር። ሳይቶካይኒን የሚባለውን፣ ቅጠል ቶሎ እንዳያረጅ የሚያደርገውን ሆርሞን በውሃ ትበጠብጥና ጫቱን ትነክርበታለች።

ከሳሎኑ ጀርባ ያለው ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰባት ፔርሙዝ ተደርድሯል። ሻይ የምንይዝበት ዓይነት ፔርሙዝ ነው፤ አፉ በጥጥ ተወትፎ በጥጡ መሃል ቴርሞሜትር ገብቷል። ሦስቱ ውስጥ ውሃ ብቻ የነካው ጫት አለ። ሦስቱ ውስጥ ሆርሞን የነካው። ሰባተኛው ውስጥ ያለው የተቀቀለ ጫት ነው፤ እሱ ሞቷል፣ አይተነፍስም፣ ስለዚህ ከክፍሉ ሙቀት በላይም በታችም አይሆንም። ክፍሉ ቀንና ማታ በክሊማ፣ በማቀዝቀዣው ማለት ነው፣ ሃያ አምስት ላይ ይቆያል።

ማዳም ለእረፍት ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጠራችኝና ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ሰጠችኝ።

"በሦስት ሦስት ቀኑ አዲስ ጫት ትገዣለሽ፣ ትመዝኛለሽ፣ ትነክሪያለሽ። ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ሰባቱንም አንብበሽ ትጽፊያለሽ። ይኼ የመጨረሻው ዓምድ ማስታወሻ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተለየ ነገር ከተፈጠረ እዚህ ይጻፋል። ማንኛውም ነገር።"

"ማንኛውም?"

"ድመት ብትገባም።" ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። "ደብተሩ በሥርዓት ከተሞላ፣ ስመለስ በምሠራበት የችግኝ ጣቢያ ረዳት ያስፈልገኛል። ሰሃን አታጥቢም። ትለኪያለሽ፣ ትጽፊያለሽ።"

"እኔ?"

"እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አለ?"

ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነጭ ጋውን ለብሼ ራሴን አየሁት። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ ጅቡቲ ቢሮ ገባች" ስትል ሰማኋት። ያ ደብተር ለእኔ ደብተር አልነበረም፣ ከወጥ ቤት መውጫ በር ነበር።

ጫቱን የምገዛው ካርቲየ 6 ከሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ከአዴ ዘይነባ ነው። አዴ እኛ ዘንድ እትዬ እንደ ማለት ነው፤ ሴትየዋ የድሬ መጋላ ሰፈር ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከአያት ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው። ከዣንጥላ ሥር፣ እርጥብ ጆንያ በለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ፣ በሶማልኛ እየተከራከረች፣ በዐረብኛ እየማለች፣ በአማርኛ ትሰድባለች። ጫቱ ከሰዓት በኋላ ሲገባ መንገዱ በመኪና ጥሩምባ ይደባለቃል። ለምን እንደምገዛ ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ፈረንጇ ለጫት ሐኪም ቀጠረች በይኛ! ትኩሳቱን ለኪልኝ ብላ?"

"አዎ፣ ትኩሳቱን ነው የምለካው።"

"ታዲያ ለእኔም ለኪልኝ፣ እኔም በዚህ ሙቀት ቅጠል ሆኛለሁ።"

የቪላው ዘበኛ ኢልሚ ደግሞ ሌላ ነገር አሰበ። ኢልሚ ጥርሱ የሳሳ፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሽማግሌ ሶማሌ ነው። ጥቅል ይዤ ስገባ አየ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሜ ስገባ አየ፣ ከዚያ አላስችል አለው።

"አባዮ፣ እህቴ፣ አንቺ ብቻሽን ነው የምትቅሚው? ነውር ነው። ጫት ለብቻ አይቃምም።"

"አልቅምም። ለሥራ ነው።"

"ሁሉም ለሥራ ነው የሚለው።"

የተጠቀምኩበትን ጫት ስደፋ ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ። "መድኃኒት ነክቶታል፣ አይቃምም" አልኩት። "የምን መድኃኒት?" "ቅጠሉ እንዳያረጅ የሚያደርግ።" ትንሽ አሰበና፣ "ታዲያ ለእኔ ነዋ የሚያስፈልገው!" አለኝ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚያናግሩኝ። ኢልሚም ከቀትር በኋላ ምርቃናው ሲመጣ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከራዲዮው ጋር ነው የሚያወራው። የቀረው ሰዓት ዝም ነው። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ሶፋው ሁሉ ነጭ አንሶላ ለብሷል። ለሁለት ሰው ሠርቼ ለአንድ ሰው አቀርባለሁ፣ ከዚያ እሱንም ቆሜ እበላለሁ። አገር ቤት ስልክ ስደውል ካርዱ ቶሎ ያልቃል፤ እናቴ ሁልጊዜ "ሞቀሽ?" ነው የምትለኝ፣ ሞቀኝ እላታለሁ፣ ያኔ ይቆረጣል።

ስለዚህ ቅጠሎቹ ክፍል ውስጥ መዋል ጀመርኩ። ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በግልጽ ልናገር፣ ስለዚያ ብቻ አልነበረም። ውሃ የነካቸው ሦስቱ በመጀመሪያው ምሽት ሠላሳ ይደርሳሉ፣ ሆርሞን የነካቸው ሃያ ሰባት ላይ ይረጋሉ። በየቀኑ ይለያያሉ፣ ግማሽ ነጥብ ወዲህ፣ ግማሽ ነጥብ ወዲያ። "ዛሬ ደግሞ ምን አናደደሽ?" እላለሁ ለሁለተኛዋ፣ እሷ ሁልጊዜ ከእህቶቿ ትበልጣለች። ሰባተኛው ሃያ አምስት ነው፤ እሱን አላናግረውም ነበር። በማስታወሻው ዓምድ ላይ በየቀኑ "ምንም" እያልኩ እጽፋለሁ።

ፍልሰታ ገባ። እዚያ ሰፈር የቅዳሴ ድምፅ አይሰማም። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ አይጮህም፣ ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ በር አያንኳኳም። ብቻዬን እየጾምኩ መሆኑን አዴ ዘይነባ ስትሰማ ከጠረጴዛዋ ሥር ትንሽ ቅርጫት አወጣች። ዘይቱን ነበር፣ ሌላው አገር ጓቫ የሚለው፣ የወንድሟ ልጅ ከሐረር ያመጣላት።

"ለጾምሽ ይሁንሽ። እምቢ እንዳትይኝ፣ እሰድብሻለሁ።"

ታክሲ ውስጥ ቅርጫቱን ጭኔ ላይ እንዳደረግኩት ሸተተኝ። የድሬን መንገድ፣ የከዚራ ሰፈርን የዛፍ ጥላ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ በወረቀት የምንገዛውን ፍሬ፣ ሁሉን ነገር ሸተተኝ። አንዷን ብቻ በላሁ። ፍሪጅ ነበር፤ አላስገባሁትም። ፍሪጅ ውስጥ ሽታው ይታፈናል። ቅርጫቱን ወስጄ ቅጠሎቹ ክፍል፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። ክፍሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አገሬን አገሬን አለ።

በሁለተኛው ቀን ቁጥሮቹ ዘለሉ።

መጀመሪያ ዓይኔ ነው አልኩ። ውሃ የነካቸው ሠላሳ አራት ገብተዋል። ያ ምንም አይደል፤ ሆርሞን የነካቸው፣ እነዚያ ረጋ ያሉት፣ እነሱም ተከትለዋል። ጥጡን ነቅዬ ባየው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ስነካው ከእንጨቱ ይረግፋል። ሆርሞኑን በደንብ አልመዘንኩም ማለት ነው፣ አበላሸሁ ማለት ነው አልኩ። ቁጥሩን ሳልጽፍ ደፋሁትና አዲስ ጫት ገዝቼ ሁለት ጊዜ መዝኜ እንደገና ጀመርኩ። ያው ሆነ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ማዳም ደብተሩን ገልጣ፣ "ሰሃንሽን እጠቢ" ስትለኝ ታየኝ። ስክሪብቶውን አንስቼ፣ ባዶ ከተውኩት መስመር ጀምሬ፣ ያየሁትን ሳይሆን ባለፈው ሳምንት የነበረውን ጻፍኩ። ለማስመሰል እዚህም እዚያም ግማሽ ነጥብ ጨመርኩ። ስድስት ቀን እንዲህ አደረግኩ። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ቴርሞሜትሩን ማየቱንም ተውኩት። የሚናደድብኝን ሰው ፊት ላለማየት እንደምሸሽ፣ ከፔርሙዞቹ ሸሸሁ።

አምስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። ውስጥ እንደ ድንች እንዳልቀቀል ወጥቼ በሩ ላይ ጥላ ሥር ከኢልሚ ጋር ተቀመጥኩ። ስለ ግመሎቹ አወራኝ፤ ግማሹ አልገባኝም፤ ደስ አለኝ። መብራቱ የመጣው ወደ ማታ ነው። ገብቼ የተለመደውን ጻፍኩ።

አዲስ ጫት ልገዛ ስሄድ አዴ ዘይነባን ተቆጣኋት። "የምትሸጪልኝ ጫት የበሰበሰ ነው፣ በአንድ ቀን ይረግፋል።"

ፊቷ ተለወጠ። በጫቷ የመጣ በልጇ መጣ ማለት ነው። "የእኔ ጫት? ከምን ጋር ነው ያስቀመጥሽው?"

"ከምንም። ክፍል ውስጥ ነው።"

"ክፍሉ ውስጥ ምን አለ?"

"ምንም የለም። ዘይቱኑ ብቻ።"

እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። "አንቺ ልጅ! ጫትና የበሰለ ፍሬ አንድ መኪና ላይ የሚጭን ሾፌር አይተሽ ታውቂያለሽ? ድሬ ተወልደሽ? ፍሬው ሲበስል ጫቱን ይዞት ይሄዳል። ይኼን እኮ የእኛ ሰፈር ፍየል እንኳ ያውቃል!"

እዚያው መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። የሰፈሩ ፍየል ብቻ አይደለም፣ እኔም አውቀው ነበር። የበሰለ ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ራሱ የዕፅዋት ሆርሞን ነው፤ የሌላውን ቅጠል ትንፋሽ ያፋጥናል፣ ያሞቀዋል፣ ያስረጀዋል፣ ያረግፈዋል። ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበት ነው። ወረቀት ላይ ሳውቀው ጠረጴዛዬ ላይ አላወቅሁትም።

ቤት ገብቼ የተረፈውን ዘይቱን ለኢልሚ ሰጠሁት፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ክፍሉን አጠብኩ። በሚቀጥለው ጫት ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሠላሳ፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ አምስት። ደብተሩ ላይ የቀሩት ስድስቱ የውሸት ቀናት ብቻ ነበሩ። ገጹ ቁጥር አለው፣ አይቀደድም፤ በስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ አይጠፋም። ደግሞ ማን ያውቃል አልኩ። ቅጠል አይመሰክርም።

ማዳም በመስከረም መጀመሪያ፣ ፀሐይ አቅልቷት መጣች። ሻንጣዋን ሳትፈታ ደብተሩን ጠየቀችኝ። ገጽ ባገላበጠች ቁጥር ፊቷ ይፈታል። "ጽሕፈትሽ ያምራል" አለች። "ሰኞ አብረን እንሄዳለን።" በሩ ተከፈተ። አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር ማለት እችላለሁ።

ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

"ይኼ ሐሙስ ነው። ኢልሚ ሐሙስ ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ነበር ብሎኛል።"

"አዎ፣ ማዳም።"

"ለስንት ሰዓት?"

"እስከ ማታ።"

"ክፍሉ ሞቆ ነበር?"

"በጣም።"

ድምጿ ቀነሰ። "ታዲያ ሰባተኛው ፔርሙዝ ለምን ሃያ አምስት ሆነ? እሱ የሞተ ነው፣ ክፍሉን ነው የሚከተለው። ክፍሉ ሲሞቅ እሱም መሞቅ ነበረበት።"

ሕያዋኑን አስመስዬ ጽፌያለሁ፤ የሞተው አጋለጠኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ዘይቱኑን፣ ቢጫውን ቅጠል፣ ስድስቱን ቀን። ቃላቱ በፈረንሳይኛ ሲያልቁብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ። አንዴም አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ ደብተሩን ወደ እኔ አዙራ የመጨረሻውን ዓምድ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት። "ምንም። ምንም። ምንም። ሆርሞኔን የሚያሸንፍ ሌላ ሆርሞን በቅርጫት አምጥተሽ አጠገቡ አስቀመጥሽ። እውነተኛውን ቁጥር ጽፈሽ እዚህ ጋ 'ፍሬ አስገብቻለሁ' ብትዪ ኖሮ ከሁሉም ቀን የሚበልጠው ያ ሳምንት ነበር። አንቺ ግን ምንም አልሽ።"

"አስታውሳለሁ" አልኩ ቸኩዬ። "በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ውሃ የነካቸው ሠላሳ አራት ነበሩ። ሌሎቹም..."

"ከትዝታ አልጽፍም" አለች።

ከዚያ ለአፍታ፣ በቁጣ ሳይሆን እንዲያው ሊገባት ፈልጋ ጠየቀችኝ፦ "ግን ለምን እዚያ? ለምን ወጥ ቤት አላስቀመጥሽውም?"

ተነስቼ ሻይ ላፈላላት ሄድኩ።

ሰኞ ብቻዋን ሄደች። ለችግኝ ጣቢያው ሌላ ሰው ቀጠረች፤ እኔን አላባረረችኝም፣ አልጮኸችብኝም፣ ደሞዜንም አልነካችም። ከሁለት ወር በኋላ ራሴ ለቀቅኩ። ካርቲየ 6 አዴ ዘይነባ ጋ ገብቼ ጭነት መረከብ ተማርኩ፣ በዚያው ሙያ ዛሬ ድሬ ላይ እንጀራዬን እበላለሁ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ መጨረሻው ላይ "ለበጎ ነው" ማለት ይወዳል። ለበጎ አልነበረም። ያንን ሥራ ፈልጌው ነበር፣ እችለውም ነበር፣ በራሴ እጅ አጣሁት። ማዳምም አልበደለችኝም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እኔን አልቀጥርም። አሁን እኔ የማሠራቸው ልጆች የተበላሸ ጭነት ሲደብቁኝ ጥፋቱ አይደለም የሚያናድደኝ፣ መደበቁ ነው፤ ያን ስላቸው ግን የማን ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ቀን "ለምን?" ብሎ ስለ እኔ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች፣ እኔም ዝም አልኳት። ቃሉ ጠፍቶኝ አልነበረም። ሃያ ዓመት የሞላት፣ ኤቲሊን የምታውቅ ሴት እንዲህ ያለ ነገር መናገር አሳፍሯት ነው። ዛሬ ብትጠይቀኝ አላፍርም። ማዳም፣ ዘይቱኑን ያገኘሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬን ለሆነ ሰው ማሳየት ፈለግሁ። ቤቱን ሁሉ ዞርኩ፤ የሚተነፍስ ነገር ያለው እዚያ ክፍል ብቻ ነበር።